ነጁ፣ ኮንትሮባንድ ልልክብሽ ነው

ነጁዬ፣ እንዴት ነሽ አቦ?

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታ። አንቺም ብትሆኚ ስልክሽ አልተሰረቀም፣ ግን ይሁን፣ ትቼዋለሁ። የሰርጉን ነገር እዚህ አላነሳውም፣ አንቺም አታንሺብኝ፤ ስንገናኝ ቡና ላይ እንጣላበታለን። አያትሽ ደህና ናት?

ጠፍቼ ስመጣ ጣጣ ይዤ እንደምመጣ ታውቂያለሽ። አሁንም ይዣለሁ።

እማዬ የዓይን ሞራ አለባት ተባለና አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ይዣት ልሄድ ነው። ቀላል ነው ይሉኛል። እሷ ግን ስለ ዓይኗ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ጠዋትም ማታም “ኮንትሮባንድን ማን ያበጥርልኛል?” ነው።

ኮንትሮባንድ ድመታችን ናት። አንቺ አላየሻትም። ታይዋን ገበያ አንድ ሰው የልብስ ቦንዳ ሲፈታ መሃሉ ላይ ተኝታ ተገኘች። ሰውየው የኔ አይደለችም አለ፣ ቀረጥ አልተከፈለባት፣ ስሟ እዛው ወጣላት። ስናቆላምጣት ኮንቲ እንላታለን። ጸጉረ ረጅም ናት። በድሬ ሙቀት፣ እስቲ አስቢው! እኔ በነጠላ ቀሚስ የማልችለውን እሷ ካፖርት ለብሳ ትውላለች።

አዎ፣ ገብቶሻል። እሷን ነው የምልክብሽ። ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፣ ግቢ አለሽ፣ ድመት ትወጃለሽ። እምቢ ማለት ትችያለሽ። ባትዪ ግን ደስ ይለኛል።

ከመምጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር እወቂላት፣ ጸጉር ታስመልሳለች። እንዳትደነግጪ። ሌሊት ድንገት ትነሳና ሆዷን እየሳበች እህ እህ ስትል ትቆያለች፣ ከዛ ጣት የሚያህል እርጥብ የጸጉር ጥቅል ትተፋለች። ሁሌም ምንጣፍ ላይ፤ ሲሚንቶው ላይ ብታደርገው ምን ነበረበት? ነገሩ ከምላሷ ነው የሚጀምረው። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፣ የኛ ጥፍር ከተሠራበት ነገር የተሠሩ። ራሷን ስትልስ የረገፈውን ጸጉር ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትቱታል፣ መትፋት ስለማይመቻት ትውጠዋለች። ጸጉር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። አብዛኛው በሰገራ ይወጣል፣ የተጠራቀመው በአፏ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ከሆነ የድመት ወግ ነው። እየተደጋገመ ከመጣ ግን ጥፋቱን ሁሉ ጸጉር ላይ አትጣይ፤ ትል ሊሆን ይችላል፣ ምግብ አልተስማማት ይሆናል፣ የውስጥ በሽታም ሊሆን ይችላል።

እና መድኃኒቱ ምንድን ነው ብትዪኝ፣ ማበጠሪያ። በቃ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ከአንገቷ ጀምረሽ ወደ ጅራቷ፣ ሆዷን መጨረሻ ላይ፣ ምክንያቱም ሆዷ ሲነካ ትነክሳለች። ከዛ እጅሽን ውኃ ነክረሽ አንዴ ዳበስ። ማበጠሪያው ላይ የቀረ ጸጉር ሆዷ አይገባም። ቁንጫም እግረ መንገድሽን እዪላት፣ የሚያሳክካት ድመት አብዝታ ትልሳለች፣ አብዝታ የላሰች አብዝታ ትውጣለች። ካገኘሽባት ግን የውሻ የቁንጫ መድኃኒት እንዳትነኪ። ፐርሜትሪን የሚባለው ውሻን አይጎዳም፣ ድመትን ይገድላል።

ውኃ ላይ ሰነፍ ናት፣ ድመት ሁሉ እንደዛ ነው። ስለዚህ ውኃውን ከምግቧ ጋር ስጫት። የተቀቀለ ዶሮ ያለ አጥንት፣ ያለ ጨው፣ መረቁ ፈሰስ ብሎበት። የቀረውን የገዛሁላትን ምግብ አብሬ እልካለሁ። የተቀቀለ ዱባ በሻይ ማንኪያ ጣል ብታደርጊበት ሆዷን ያለሰልሰዋል። ዱባው ጨውም ቅመምም አይንካው። በጣሳ ገብስ አብቅይላት፣ ቅጠሉን መንጨት ትወዳለች፣ ያንቺንም አበባ ትተውልሻለች። ምግቧን በአንዴ ብዙ አትስጫት፤ ስትስገበገብ ጨርሳ ሳታጣጥም ትመልሰዋለች፣ እሱ ደግሞ ጸጉር አይደለም፣ ስግብግብነት ነው።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ። ነጁ፣ ይኼን በዘዴ ንገሪያት። ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ለጉንፋንም ለሆድም እንደምታዝ አውቃለሁ፣ እኔንም አድናኛለች፣ አልክድም። ለድመት ግን ነጭም ቀይም ሽንኩርት መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሰዋል። ወጥ የነካው እንጀራም አይሆንም። ወተትም ይቅር፣ ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ አይስማማትም፣ ያስቀምጣታል። ዘይት አፏን ከፍቶ ማፍሰስ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ “ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም” ሲለኝ ነው የከረመው። እባብም ከተፈጥሮ ነው! እኔ በተፈጥሮ መንከባከብ የምለው ማበጠሪያውን፣ ውኃውን፣ ዱባውን ነው። ፓራሲታሞል እንኳን አንዲት ፍሬ ትገድላታለች፣ ቤት ውስጥ ወድቆ እንዳይገኝ።

ግን ነጁ፣ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ሁሉ አይደለም። የሚነሳኝ ያንቺ ሥራ ነው።

መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ስንት ልብስ ሰፊ ተደርድሮ እንደሚውል አንቺ አትነገሪም። ማታ ቤት ስትገቢ ቀሚስሽ ላይ የማይንጠለጠል ክር የለም፣ መኝታ ቤትሽ እንኳን ክር በክር ነው፣ አስታውሳለሁ። ኮንቲ ደግሞ ክር ካየች አበቃ። ምላሷን ነግሬሻለሁ አይደል፣ አንዴ ክር ከጀመረች መትፋት አትችልም፣ ትውጠዋለች። ክር ከጸጉር የባሰ ነው። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይ ጨጓራዋ ውስጥ ይያዝና ሌላው አንጀቷን ይዞ ይወርዳል፣ አንጀት እንደ መጋረጃ ይሰበሰባል፣ ይቆረጣል። ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካየሽ ወላሂ እንዳትጎትቺው። ሐኪም ብቻ። መርፌ ያለበትማ አልናገርም። ስለዚህ የስፌቱን ክፍል ዝጊልኝ፣ ወይ ክሩን ክዳን ባለው ባልዲ አድርጊው። ብዙ እንደጠየቅኩሽ ይገባኛል። እንደውም እሱ ከከበደሽ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ።

ደጋግማ እየታገለች ምንም ካልወጣት፣ ወይ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች፣ ሆዷ ከጠጠረ፣ ካልተጸዳዳች፣ ጥግ ይዛ ከተኛች፣ “ነገ ይሻላታል” አትበይ። ወፍራም ድመት ጥቂት ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ይሞላል፣ ኮንቲ ደግሞ ወፍራም ናት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከናንተ ሩቅ አይደለም። አንገቷን ዘርግታ መሬት ላይ ተለጥፋ የምትስል ከሆነ ደግሞ ጸጉር ላይሆን ይችላል፣ አስም ድመትም ይይዛል። በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጫት፣ ለሐኪሙ ከወሬ ይሻላል።

ማታ ማታ አታስወጫት። ጁገል ውስጥ ጅቡ እንደ ባለቤት ነው የሚዞረው፣ እሷ ደግሞ የድሬ ልጅ ናት፣ ሁሉም ወዳጇ ይመስላታል።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እንዳታስመልስ ከጠዋት ጀምሮ አልመግባትም፣ ደርሳ ብትጮህብሽ ርቧት ነው። በሚኒባስ ራሴ አመጣታለሁ። ለሁለት ወንበር ነው የምከፍለው፣ ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ እጭናለሁ ካለ መንገድ ላይ መጣላታችን ስለማይቀር። እስከ ሐሙስ እሺ ወይ እምቢ በዪኝ። ቁጥሬ የድሮው ነው። ካጠፋሽው አያትሽ ጋ አለ።

ቤቲ