ደብዳቤ ለልጄ፦ «ሆዴን» አትበይ

የኔ እናት፣

ጠዋት ስደውል ድምፄ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር። አያትሽ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ጆሮዋን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በስልክ ያልወጣኝን እየጻፍኩ ነው። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የደወለችልኝ የዶርም ጓደኛሽ ነች። እንዳትቀየሚያት። ሦስት ቀን ሙሉ ቀኝ ጎንሽን ይዘሽ ታጥፈሽ እንደምትተኚ፣ ማስታገሻ እንደ ከረሜላ እንደምትውጪ ነገረችኝ። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «የእርስዎም ትርፍ አንጀት ነበር አሉ፤ በዘር ይሆን እንዴ?» ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄ፣ የእኔ ትርፍ አንጀት እስከ ዛሬ ቦታው ላይ ነው። ማንም አላወጣውም።

ትንሽ ሆነሽ አብረን ስንታጠብ በጣትሽ እየተከተልሽ «ይሄ ምንድነው?» የምትይኝ ጠባሳ ከእምብርቴ በታች ቁልቁል የወረደ ነው። ለትርፍ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው በቀኝ በኩል ነው። ነርስ ብታየው ትጠይቀኝ ነበር። እኛ ቤት ግን ነርስ የለም። አያትሽ «ትርፍ አንጀት» አለች፣ በዚያው ጸና።

የሆነው ነሐሴ 1994 ነው። ሰርጋችን ደግሞ ጥር 1995። አንቺው ቁጠሪው። የሰርጉን ፎቶ እያየሽ «ምነው እንዲህ ከሲታ ነበርሽ?» ስትይኝ ወሬ የምለውጠው ለዚህ ነው።

የወር አበባዬ ከቀረ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ከዚያ ትንሽ ደም አየሁ። መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ከታች በቀኝ በኩል ይወጋኝ ጀመር። ክሊኒክ ሄድኩ። «ምንሽን ነው?» «ሆዴን።» ሰገራ አስመረመሩኝ፣ የጃርዲያ ክኒን ሰጥተው ሸኙኝ። «የወር አበባሽስ?» ብለው ነበር። አያትሽ አጠገቤ ቆማለች። «በሰዓቱ ነው» አልኩ።

ስለዚህ አደራሽን፣ ሐኪም ፊት «ሆዴን» አትበይ። እኛ ሆድ ካልን ሁሉን ጨረስን። ሲርበን ሆድ፣ ሲከፋን ሆድ፣ ምስጢር የምንቀብረውም ሆድ። እኔ ሆዴን ብዬ የሆድ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ምን ያድርጉ?

በሦስተኛው ቀን ደግሞ የቀኝ ትከሻዬ ጫፍ አመመኝ። አያትሽ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ትከሻዬን በቅቤ አሸችው። ለካ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሽቅብ ወጥቶ ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲነካው ሕመሙ በትከሻ ነው የሚወጣው። ይሄን ማን ያውቃል? ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ወደቅኩ። በፔጆ ታክሲ ጭነው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ሸምገል ያለ ሐኪም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የጓንት ካርቶን ቀደደና በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ ይስል ጀመር። መጀመሪያ የተገለበጠ ዘይቱን የመሰለ ነገር፣ ጠባቡ ወደ ታች። «ይሄ ማህፀንሽ ነው» አለኝ። ርዝመቱ 7 ወይ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ መዳፍሽ ላይ ይቀመጣል። ከፊቱ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላው የአንጀት መጨረሻ። ጠባቡ አንገት የማህፀን በር የሚባለው ነው፤ እሱ ወደ ብልት ይከፈታል። ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቱቦ ቀጠለበት። የፍየል ራስ ከነቀንዱ ቁጭ! ሳቅሁ፤ ስፌቱ ለበለበኝ።

ከቀንዶቹ ጫፍ ስር ተምር ተምር የሚያካክሉ ሁለት ኦቫሪዎች ሳለ። እንቁላሎቹ ያሉት እዚያ ነው። እኔ ቱቦው ኦቫሪው ላይ የተሰፋ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጫፉ እንደ ነጠላ ቁጭት የተንዘረፈፈ ነው፤ በየወሩ እንቁላል ስትወጣ በዚያ ጠርጎ ያስገባታል። ከወንድ ዘር ጋር የምትገናኘውም እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀናት ፈጅታ ማህፀን መድረስ አለባት። ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማህፀኑ ጋ ሲደርስ ግን ቀዳዳው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የእኔ የመጀመሪያዋ ፅንስ ግን እዚያው ቱቦ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ቀረች። ማህፀን ሲያድጉበት ይሰፋል፤ ቱቦ አቅም የለውም፣ ፈነዳ።

የቀኙን ቱቦ አወጡት፣ ኦቫሪውን ተዉልኝ። «የቀኙ የጣለውን እንኳ የግራው ቱቦ ሊለቅመው ይችላል» አለኝ ሐኪሙ። አላመንኩትም። በ1997 አንቺ መጣሽ። ለቁልቢ ገብርኤል ስለቴን ሳስገባ አያትሽ አብራኝ ነበረች። ስለቱ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

ካርቶኑን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደብቄው ነበር። በ1998ቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ ቤታችን ሲገባ አንቺን ታቅፌ ወጣሁ፣ እሱን ረሳሁት። ከታች ያለው ስዕል በቃሌ የሳልኩት ነው። እንዳትስቂ።

የሚቆጨኝ ግን ቱቦው አይደለም። በ13 ዓመትሽ የመጀመሪያው የወር አበባ ሲመጣብሽ፣ ትራስ ነክሰሽ ስታለቅሺ፣ «ቻይው፣ ሴት አይደለሽ?» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይኸው ቻልሽው። በ2011 ደግሞ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሲጀመር ትምህርት ቤት ተከትበሽ መጣሽ። «የማህፀን በር የት ነው?» አልሽኝ። «ዝም ብለሽ ምሳሽን ብዪ» አልኩሽ። ያንን ካርቶን በቃሌ የያዝኩ ሴትዮ!

አሁን ስሚኝ። «ነገ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ፈተና አለብኝ» ብለሽኛል። ኧረ አቦ! ነገ የሚባል ነገር የለም። ከፈተናው እንደወጣሽ ዶርም ሳትገቢ ቀጥታ ሂጂ። በመሃል ከባሰብሽ፣ ካዞረሽ፣ ካስመለሰሽ ፈተናውን ጥለሽ ውጪ። ፈተና ይደገማል።

«ሆዴን» አትበይ። ከእምብርትሽ በታች የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣትሽ አሳዪ። መቼ እንደጀመረ፣ ሄድ መጣ ይል እንደሆነ ወይም አለቅም ብሎሽ እንደሆነ ተናገሪ። የዋጥሽውን ማስታገሻ ስሙንና ብዛቱን ንገሪ። እዚያ ሰፈር ትርፍ አንጀት አለ፣ ኦቫሪ አለ፣ ቱቦ አለ፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ኦቫሪ ላይ ውሃ የቋጠረ ሲስት ሊሆን ይችላል፤ ብዙው በራሱ ይጠፋል አሉ። ኦቫሪው ተጠማዞ ደም ከተቋረጠበት ግን ነገሩ የሰዓታት ነው። እኔ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ የቱ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። «የእናቴም ትርፍ አንጀት ነበር» ብለሽ ግን እንዳታሳስቻቸው።

አልትራሳውንድ ካሉሽ ውሃ ይፈቀድልሽ እንደሆነ ጠይቂና ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ። ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ገፋ አድርጎ ማህፀኑን ያሳያቸዋል።

የእርግዝና ምርመራ ካዘዙሽ አትቆጪ። ስድብ አይደለም፤ ለሁሉም ያዛሉ። የወር አበባሽ መቼ እንደነበር ሲጠይቁሽ እውነቱን። ጓደኛሽ አብራሽ ከሆነች እና ካፈርሽ ውጪ በያት። «አዎ፣ አርግዘሻል» ቢሉሽም መጀመሪያ ለእኔ ደውይ። እቆጣለሁ፣ አልዋሽሽም። በዚያው ማታ ግን ሐዋሳ እመጣለሁ።

ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ተራ ረጅም ነው ብለሽ እንዳትመለሺ። ሙሸበክ፣ ያንን ጣፋጭ፣ በሰው ልኬያለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል፤ ግማሹ የጓደኛሽ ነው።

ደግሞ «ሆዴን» ብትዪ!

አያትሽ በሩ ላይ ቆማ «ምንድነው የምትጽፊው?» አለችኝ አሁን። የዕቁብ ሂሳብ ነው አልኳት።

እናትሽ
ድሬዳዋ