ያ ልጅ ይናገራል

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ናፍቀውሻል። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩት መነጽርሽን ፍለጋ ቤቱን እንዳታስሺ ብዬ ነው። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ሁለት እሁድ ሞከርኩ። አፌ ላይ ደርሶ ይመለስብኛል። መጻፉ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ከትልቁ ልጄ ጋር አንድ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ አየን። አንቺም ታውቂዋለሽ። ዋሽንግተን እንደመጣን፣ አዳምስ ሞርጋን በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን ያየነው ነው። ከሌላ ዓለም ሰው መስለው ስለመጡት እንግዶች፣ ቆዳቸው ሲገለጥ እንሽላሊት ስለሆኑት። ስሙ "ቪ" ይባላል። በኤንቢሲ ጣቢያ ሁለት ማታ ተከታትሎ ነው የታየው። የመጀመሪያው ማታ ሜይ 1 ቀን 1983፣ እሁድ ነበር። በእኛ ስቆጥረው ሚያዝያ 23 ቀን 1975 ሆነ። ሆሳዕና ነበር፣ እማዬ። ጣትሽ ላይ የዘንባባ ቀለበት የማስታውሰው ለካ እውነት ነው። ዳያና የምትባለው አዛዣቸው ያቺን አይጥ የምትመስል እንስሳ ከነነፍሷ ስትውጥ "በሰሙነ ሕማማት ምን አሳየሽኝ!" ብለሽ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ አደረግሽ።

ልጄ መጀመሪያ ላይ ሳቀ። መንኮራኩሮቹ መጫወቻ ይመስላሉ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ስልኩን አስቀመጠ። ታሪኩ አሁንም ይይዛል። 50 ግዙፍ መርከቦች በታላላቅ ከተሞች ሰማይ ላይ ይቆማሉ። የሚወጡት እንግዶች ቀይ ልብስ የለበሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ትሁት ሰዎች ናቸው። የቸገረን ኬሚካል አለ፣ በፋብሪካዎቻችሁ አምርቱልን፣ እኛም እውቀታችንን እናካፍላችኋለን ይላሉ። ሰው ሁሉ በሰልፍና በሙዚቃ ይቀበላቸዋል። በእርግጥ የመጡት ውሃውን ሊወስዱ፣ ሰውንም ሊበሉ ነው። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው ከመገኘቱ በፊት ብዙ ነገር ያልፋል። መጀመሪያ ሳይንቲስቶች አሲረዋል ተባለ። ተመዝገቡ ተባሉ። ጎረቤት ፊቱን አዞረባቸው። ቴሌቪዥኑን እንግዶቹ ያዙት፣ የታወቀች ጋዜጠኛም ቃል አቀባያቸው ሆነች። ለወጣቶች ደግሞ የደንብ ልብስ ታደለ።

ይህን የጻፈው ኬኔት ጆንሰን ነው። መጀመሪያ ያሰበው ታሪክ እንግዳም መንኮራኩርም አልነበረውም። አሜሪካ በአምባገነን እጅ ስትወድቅ የሚያሳይ ነበር። መነሻው አሜሪካዊው ደራሲ ሲንክሌር ሉዊስ በፈረንጆቹ 1935 የጻፈው ልብ ወለድ ነው። ጠፈር የገባበት ጣቢያው ስለፈለገ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እንሽላሊቶቹን ብታወጪ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት። እኔ ልጅ ሆኜ የማየው እንሽላሊቱን ነበር። አንቺ የምታዪው ሌላውን ነበር።

በ1984 ቀጣይ ክፍል ሠሩለት፣ ከዚያም በየሳምንቱ የሚታይ ተከታታይ ሆኖ በአንድ ዓመት አበቃ። ጆንሰን ቀድሞ ለቋል። እነዚያን ልጄ ከፈለገ ብቻውን ይያቸው። ነፍስ ያለው በሁለቱ ማታዎች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

አብርሃም የሚባሉትን አዛውንት ታስታውሻቸዋለሽ? ከናዚ ካምፕ የተረፉ አይሁዳዊ ናቸው። ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። የሚታደን አንድ ሳይንቲስት ቤተሰቡን ይዞ መጠጊያ ይለምናቸዋል። ልጃቸው ይፈራል። ለእኛም አደጋ ነው፣ ይሂዱ ይላል። አዛውንቱ ያን ጊዜ እናቱ በእርግጥ እንዴት እንደሞተች፣ ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን፣ ይነግሩታል። ያኔ የሚደብቀን ሰው ብናገኝ ኖሮ ነው ነገሩ። ሰዎቹ እዚህ መቆየት አለባቸው፣ አለዚያ ምንም አልተማርንም ይላሉ።

ያን ማታ የማስተረጉምልሽ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛሽ ገና ነበር፣ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ቀድሜሽ ተምሬያለሁ። እዚህ ጋ ስደርስ ግን አማርኛው ጠፋኝ። የሰው ልጅ የታጎረበትን የዕቃ ባቡር ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅኩም። ዝም አልኩ። አንቺም "ተይው ልጄ፣ ገብቶኛል" አልሽኝ። ቀለበቱን በጣትሽ ዙሪያ ታዞሪው ነበር።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው፣ ዳንኤል፣ የእንግዶቹን የደንብ ልብስ ለብሶ ወደ ቤት ገባ። እስካሁን ምንም አላደረገም። ገና በሩን መክፈቱ ነው። አንቺ ግን "ያ ልጅ ይናገራል" አልሽ።

ተናገረም። ወታደሮች መጡ፣ ቤተሰቡ ታሰረ፣ አዛውንቱም አልተመለሱም። እኔ ፊልሙን ቀድመሽ ያየሽው መስሎኝ ነበር። እንዴት አወቅሽ ብዬ ስጠይቅሽ ተነስተሽ ወደ ኩሽና ሄድሽ።

አርባ ዓመት አልፎ፣ ባለፈው ሳምንት ዳንኤል በሩን ሲከፍት፣ ልጄ አጠገቤ እያለ ያ ድምፅሽ ጆሮዬ ውስጥ ተናገረ። እናም ጓዳችን ትዝ አለኝ። የጉለሌው ቤት ጓዳ።

በእኛ 1969 ነበር፣ በደርግ ጊዜ። ሚያዝያ 21 ማታ፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ ያ ሁሉ ወጣት ከተገደለ በኋላ ይመስለኛል። አሰሳው ቤት ለቤት የሚዞርበት ሰሞን። አንድ ልጅ እግር ወጣት ከምጣዱ ጀርባ፣ ጆንያና ሞሰብ በተደረደረበት ቦታ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛ ነበር። የበርበሬው ሽታ እያሳለው ሳሉን በጋቢው ጫፍ ያፍነዋል። "ማንም ቢጠይቅሽ ቤታችን እንግዳ የለም በይ" ብለሽ ጉንጬን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነገርሽኝ። እጅሽ ቀዝቃዛ ነበር። አራት ዓመቴ ነበር።

ይህን ሁሉ ለራሴ ስደጋግም አንድ ነገር ዘግይቶ ገባኝ። በዚያ ቤት ምስጢሩን የምታውቀው ልጅ እኔ ነበርኩ። አንቺ በሩ ላይ የምትጠብቂው ቀበሌን ብቻ አልነበረም። የእኔንም አፍ ነበር። ከእኔ ጋር እንጀራ እየበላሽ፣ ፀጉሬን እየሠራሽ፣ ነገ ውጭ ወጥታ ምን ትል ይሆን እያልሽ ታስቢ ነበር። ያን ፍርሃት እኔ ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። አንድም ቀን ግን አልተቆጣሽኝም፣ ከጨዋታም አልከለከልሽኝም።

እማዬ፣ ሌላም የማስታውሰው ነገር አለ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከበራችን ፊት ለፊት ከድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ። ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ከረሜላ ሰጠኝ። ቀይ ነበር፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ተጣበቀ። ቤታችሁ ማን ማን አለ አለኝ። የጠየቀኝን አስታውሳለሁ። የመለስኩትን አላስታውስም። እስኪያመኝ ድረስ አስቤዋለሁ፣ አይመጣም። የሚመጣልኝ ጓዳው ባዶ የሆነበት ጠዋት ነው። ጋቢው ታጥፎ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። አንቺ ሊጥ እያቦካሽ ነው።

ያ ልጅ በራሱ እግር ነው የሄደው ወይስ ወሰዱት? ማን ይባል ነበር? የማን ልጅ ነው?

እኔ ተናግሬ ከሆነም ንገሪኝ። አራት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች ብለሽ አታልፊው፣ እኔን ለማዳን ብለሽም አትደብቂኝ። ዘመዶቹ በሕይወት ካሉ ሄጄ ላያቸው እፈልጋለሁ። በጥቅምት ፈቃድ አለኝ፣ ትኬቴንም ቆርጫለሁ። በስልክ የሚከብድሽ ከሆነ እስከዚያ አቆይው። እመጣለሁ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ