ከመውጫ ሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሰሞኑን የኬጂ ክፍያ ጨመረብን የሚል የወላጆች ሮሮ አውጥታችሁ ነበር። ሮሮው ልክ ነው፣ እኔም ወላጅ ነኝ ኪሴ ያውቀዋል። ግን አንዱ አስተያየት ሰጪ "ይሄን ሁሉ ከፍለን ትንሽ ካረፈድን መምህራኖቹ ፊታቸውን ያጠቁሩብናል" ያለው ነገር ሆዴን በላኝ። ፊታችንን የምናጠቁረው እኛ ነን፣ አልክድም፣ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ሰው ጠይቆን አያውቅም።

እዚህ ጎንደር አንድ የግል መዋዕለ ህፃናት ነው የማስተምረው፣ ኬጂ 1። ትልቁ ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም እናቴ ጋ ትውላለች። ባለቤቴ ስራው አዘዞ ስለሆነ ቶሎ መጣ ሲባል 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ሩጫ በሙሉ የኔ ነው።

ልጆቹ የሚለቀቁት 9 ሰዓት ተኩል ነው። ሰርቪስ ያላቸው ይሄዳሉ፣ በኮንትራት ባጃጅ የሚመላለሱት ይሄዳሉ፣ ሰፈራቸው ቅርብ የሆነውን ታላቅ እህት ወይ የቤት ሰራተኛ መጥታ ትወስዳቸዋለች፣ ከዚያ ግን ሁልጊዜ የማይጠፉ ሁለት ሶስት አሉ። የ4 አመት ልጅ ደግሞ ለዘበኛ ጥለሽው የምትሄጂው ነገር አይደለም፣ ማንም መምህር አያደርገውም፣ ስለዚህ ቁጭ ነው። አንዱ ልጅ አለ፣ ቦርሳህን አውርድና ተጫወት ስለው በጭራሽ እምቢ ይላል፣ ካወረደው እናቱ የማትመጣ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ከሱ የሚበልጠውን ቦርሳ አዝሎ በሩ ስር ይቆምና የባጃጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር "ቲቸር እሷ ናት" ይለኛል። ስልክ እደውላለሁ፣ "መጣሁ እኮ፣ ፒያሳ ደርሻለሁ" ትለኛለች እናት፣ ከኋላዋ ግን በበርበሬ ዋጋ የሚከራከር ሰው ይሰማል። ቅዳሜ ገበያ የሚባለው ገበያችን ውስጥ ናት ማለት ነው። እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

በዚያች ሰዓት የኔ ልጅ ደግሞ የራሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ከጥበቃው ጋሼ አጠገብ ተቀምጦ እኔን ይጠብቃል። መምህርቱም አብራው ትጠብቃለች። ስደርስ ፊቷን አጥቁራ ነው የምታየኝ፣ ምን ልበላት? እሷም ቤቷ የሚጠብቃት ልጅ አላት። እንግዲህ ተመልከቱ፣ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሲያረፍድ የሱ ልጅ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፣ የመምህሯም ልጅ፣ የመምህሯ ልጅ መምህርም ልጅ አብረው ነው የሚጠብቁት። ወላጆች ይሄን አስበውት አያውቁም ብል አልተሳሳትኩም፣ ምክንያቱም እኛም ተናግረነው አናውቅም፣ "ችግር የለም" ነው የምንለው፣ ወላጅ ቅር ካለው ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ይደውላላ!

በነገራችን ላይ ሁሉም በዘፈቀደ ነው የሚያረፍደው እያልኩ አይደለም። መንገድ የተዘጋ ቀን አለ፣ ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ጢም ብሎ ባጃጅ የሚባል ነገር የሚጠፋበት ሰሞን አለ፣ ሆስፒታል ተረኛ ሆና መውጣት የማትችል ነርስ እናት አለች። ለነሱ ማንም ፊቱን አያጠቁርም። የሚያበሽቀው በየቀኑ 10 ሰዓት መምጣትን ልማድ ያደረገው ሰው ነው፣ ለሱ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ከቤት የሚነሳበት ሰዓት ነው።

ትንሿን ስወልድ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። እኛ የግል ትምህርት ቤት መምህራን የምንተዳደረው በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ድሮ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ስለነበር መሻሻሉ አይካድም። ለአባትየው 3 ቀን ነው፣ በ3 ቀን ገንፎው ራሱ አያልቅም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይሉሻል፣ ውሃ እንኳ አይቀመስ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሰለጥን የኖረ ኮሌጅ ያለበት ከተማ ነው፣ ይሄን ምክር ጎንደር ላይ ያልሰማች እናት ያለች አይመስለኝም። 90ው ቀን የስራ ቀን ብቻ ተቆጥሮም ቢሆን ግን 6 ወር አይሞላም። በመሀል ያለውን ማን ያጥባ?

ክፍል ገብቼ ፊደል እያስቆጠርኩ አንዱ ልጅ ወድቆ እሪ ይላል፣ ወዲያው ጡቴ ግት ይላል፣ ወተቱ ጋዋኔን አልፎ ይታያል። ህፃናት ደግሞ ምንም አያልፋቸውም፣ "ቲቸር ውሃ ፈሶብሻል" ትላለች አንዷ፣ አዎ እላለሁ ፈሶብኝ ነው። የሰው ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ወተት የሚወርደኝ እኔ የራሴ ልጅ እናቴ ቤት በጡጦ ትውላለች። እረፍት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ አልቤ እደፋዋለሁ፣ ማቀዝቀዣም ማስቀመጫም የለም።

እኔን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መስሪያ ቤቶች ሴት ሰራተኞች የሚያጠቡበት የህፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ጥሩ። ግን ፋይል የሚገላበጥበት ቢሮ ውስጥ ማቆያ ለመክፈት ፍራሽ መግዛት፣ ሞግዚት መቅጠር፣ ክፍል ማፅዳት ያስፈልጋል። መዋዕለ ህፃናት ውስጥ እኮ ፍራሹ አለ፣ መጫወቻው አለ፣ አጥሩ አለ፣ ልጅ መያዝ የሚያውቅ ረዳት አለ። አንድ ጠባብ ክፍል ብቻ ነው የጎደለው። የኛ ትምህርት ቤት ባለቤት ይሄን ስንጠይቃቸው የቤት ኪራዩን ነገሩን፣ እውነትም ኪራዩ የማይቀመስ ነው አልፈርድባቸውም፣ ግን ያረጀ ወንበርና የተሰበረ ዥዋዥዌ የተከመረበት እቃ ቤት አለ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ያለው።

አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 አመት አድርጎ ከስርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል፣ ደስ ይላል፣ ስለ ልጁ መፅሀፍና ስለ ልጁ ምዘና ስብሰባ ሞልቷል፣ ልጁን የምትይዘው ሴትዮ የት ታጥባ የሚል አጀንዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ጎረቤቶቼ እንኳ "አንቺማ ምን አለብሽ፣ ከህፃን ጋ ስትጫወቺ ትውያለሽ" ነው የሚሉኝ። ማታ እንጀራ ጋግሬ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ በአንድ ክንዴ ትንሿን አቅፌ የሰው ልጆች የፃፉትን ተገልብጦ የቆመ "ለ" ሳርም አላዩኝም፣ ካርቶን ቀድጄ አበባ ስሰራም አላዩኝም። በቃ ይሄኛውን ልተወው፣ የሁሉም መምህር ነው።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ወላጅ መምህር ህብረቱ ላይ ያቀረብነው ሀሳብ አለ፣ እስካሁን መልስ የለውም፣ ምናልባት በጋዜጣ ሲወጣ ይሰማ ይሆናል። የማምሻ ሰዓት በግልፅ ይኑር። 9 ሰዓት ተኩል ላይ መድረስ የማይችል ወላጅ ቀድሞ ይመዝገብ፣ እስከ 11 ሰዓት ልጁ ይቆይ፣ ለዚያ ሰዓት ትንሽ ይክፈል፣ ገንዘቡ ግን ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን በተራዋ ለምትቀረው መምህርት ይሁን። የኔ ተራ ባልሆነ ቀን በሰዓቴ እወጣለሁ፣ ተራዬ በሆነ ቀን ልጄን የሚወስድልኝ ሰው አስቀድሜ አዘጋጃለሁ። ያቺ ተረኛ ነርስም እየተሳቀቀች ከመሮጥ ትገላገላለች። ሳይመዘገብ የሚያረፍድ ደግሞ ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት ይደውል፣ ልጁን ሌላ ማን ሊወስድ እንደሚችልም በአመቱ መጀመሪያ ፅፎ ይስጥ፣ አሁን እኮ "አጎቱ ነኝ" ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ በቪዲዮ ኮል ነው የምናጣራው፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ እሱም የለም።

አንዳንድ ወላጅ ይሄን ሲሰማ "ደግሞ ሌላ ክፍያ!" ማለቱ አይቀርም። አሁንም እኮ እየተከፈለ ነው፣ ከፋዮቹ ግን የኔና የመሰሎቼ ልጆች ናቸው።

አዘጋጆች፣ ስሜንም የትምህርት ቤቴንም ስም አታውጡብኝ፣ እንጀራዬ ነው። ሌላው እንዳለ ይውጣ፣ ከረዘመባችሁ ስለ ደብተር እርማት ያለውን ቁረጡት።

አንዲት የኬጂ መምህርት
ከጎንደር