«ስንተኛ ወጣች?» ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም፣ አገሮችን በገቢ፣ በዕድሜና በትምህርት እየለካ ደረጃ የሚሰጥበትን የሰው ልጅ ልማት ሪፖርቱን ባወጣ ቁጥር ዜናው ያው ነው። ማን አንደኛ ወጣች፣ ማን መጨረሻ ሆነች፣ ማን ስንት ደረጃ ወረደች። ወሬው እዚያው ያልቃል። የእናንተም ዘገባ ከዚህ አልፎ አልሄደም። ይህ ያሳዝነኛል።

ፓኪስታናዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ማህቡብ ኡል ሃቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን ሪፖርት ያወጡት አገሮችን ለማሽቀዳደም አልነበረም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ አማርትያ ሴንም አብረዋቸው ሠርተዋል። የአገር ገቢ ስላደገ ብቻ ሰው በደንብ ኖረ አይባልም ብለው ነው ዕድሜንና ትምህርትን በመለኪያው ያስገቡት። እውነታቸውን ነው። ኢኳቶሪያል ጊኒ ነዳጅ አውጥታ ገቢዋ ሽቅብ ሲወጣ የሕዝቧ ጤናና ትምህርት እኩል አልተራመደም። የኮስታሪካ ገቢ ከአሜሪካ በብዙ ያንሳል፤ ሕዝቧ ግን ከአሜሪካውያን ያላነሰ ዕድሜ ይኖራል። ሠራዊቷን እ.ኤ.አ. በ1948 አፍርሳ፣ ለአሥርት ዓመታት ለጤናና ለትምህርት ገንዘብ ስታወጣ ኖራለች።

ደረጃ ይህን አያሳይም። እንዲያውም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በኮቪድ ምክንያት የዓለም የልማት መለኪያ በተከታታይ ወረደ። አብዛኛው አገር አብሮ ስለወረደ፣ ሕዝቧ እየሞተ ደረጃዋ ንቅንቅ የማይል አገር ልትኖር ትችላለች። ተሻሽላም ሌሎች ስለቀደሟት ብቻ «አሽቆለቆለች» የምትባል አለች።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ አማካዩ ነው። ጥቂቶች 80 ዓመት፣ ብዙዎች 50 ዓመት ቢኖሩ መሃል ላይ የሚወጣው ቁጥር ደህና ይመስላል። ያ ቁጥር ግን የማንም ኑሮ አይደለም። ሪፖርቱ ይህን አውቆ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ በሕዝቡ መካከል ባለው የኑሮ ልዩነት ልክ ከውጤቱ ተቀንሶ የሚቀረውን ሁለተኛ ቁጥር ያወጣል። እሱ ሲታይ ደቡብ አፍሪካ ከውጤቷ ሲሶ ያህሉን ታጣለች። ከአይስላንድ የሚቀነሰው ግን ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለምን ከዜና ይቀራል? ፈልጎ ማግኘት አይከብድም፤ እዚያው ሪፖርት ውስጥ አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከደረጃው ጎን ሁለት ነገር ጨምሩልን፦ አገሪቱ ራሷ ከአምስት ዓመት በፊት የነበራትን ውጤት፣ እና በኑሮ ልዩነቱ ልክ ሲቀነስባት የሚቀራትን። ቦታ ከጠበበ አንደኛና መጨረሻ የወጡትን ስም ተዉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ