የአሮጌ ትራክተር ማስታወቂያ ካምቢዮውንም ይጥቀስ

ክቡር አዘጋጅ፣

በሽያጭ ገጻችሁ ላይ አሮጌ ትራክተሮች «ማሴ ፈርጉሰን 135፣ ሞተሩ ጤነኛ» ተብለው ይወጣሉ። የትኛው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እንደተገጠመለት ግን የሚጽፍ የለም። ለጥገና የሚገዛው ዕቃ የሚወሰነው በዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተው 135 በሦስት ዓይነት ካምቢዮ ይገኛል፦ 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ፣ 8 እና 2፣ እንዲሁም ማልቲ ፓወር የሚባለው፣ እያንዳንዱን ማርሽ በትንሽ ማንሻ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚያደርገው 12 እና 4። ለመለየት ሞተሩን አጥፍቶ ዋናውን የማርሽ ዘንግ ከፎሌ ወደየቦታው ማስገባት ይበቃል። ከኋላ ማርሽ ሌላ አራት ቦታ ካገኘ ባለ 8 ነው፤ የፍጥነት መቀየሪያው ሁለተኛ ዘንግ እጥፍ ያደርገዋልና። ሦስት ብቻ ከሆነ ባለ 6 ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ተጨማሪ ትንሽ ማንሻ ካለ ደግሞ ማልቲ ፓወር። ይህን በሜዳ ላይ እየነዱ ያረጋግጡ፤ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ማንሻው ወደ ከፍተኛው ሲቀየር ፍጥነቱ ወዲያው መጨመር አለበት። ካልጨመረ የዘይት ግፊቱ ደክሟል ወይም የውስጥ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮውን መክፈት ደግሞ ትራክተሩን ለሁለት መክፈል ነው።

ማልቲ ፓወር በዝቅተኛው ላይ ሳለ ሞተሩ ጎማውን አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ይለቀዋል። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ማቆምም አያስተማምንም፣ ፍሬንና ታኮ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በፋርሞል ሱፐር ኤም ትራክተር ላይ የመጣው ቶርክ አምፕሊፋየር የሚባል ተመሳሳይ መቀየሪያም ጠባዩ ያው ነው።

የማርሽ ቁጥር ብቻ መጻፍም ያሳስታል። ጆን ዲር 4020 ትራክተር በሲንክሮ ሬንጅም (በፍሪሲዮን የሚቀየረው ካምቢዮ) በፓወር ሺፍትም (በዘይት ግፊት ያለ ፍሪሲዮን የሚቀየረው) 8 የፊት ማርሽ አለው። ፓወር ሺፍቱም በግራ በኩል ፔዳል ስላለው ፔዳል አይቶ መፍረድ አይቻልም። የኋላ ማርሹን ቁጠሩ፦ 2 ከሆነ ሲንክሮ ሬንጅ፣ 4 ከሆነ ፓወር ሺፍት።

ኮፈንና ቀለም ማስረጃ አይሆኑም፣ ይቀያየራሉ። የናፍጣ ማሴ ፈርጉሰን 35 ሲሆን ወደ ኖዝል የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች መቁጠር ይሻላል፦ አራት ከሆኑ የመጀመሪያው፣ ስታንዳርድ የተባለው ኩባንያ ሞተር ነው (በብርድ አልነሳም ማለቱ የታወቀ ነው)፣ ሦስት ከሆኑ የፐርኪንስ ኩባንያ ሞተር።

ስለዚህ የማስታወቂያ ቅጻችሁ ሴሪያል ቁጥሩን፣ የፊትና የኋላ ማርሽ ብዛቱን እና ዳሽቦርዱ ላይ ተጨማሪ ማንሻ መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ሻጩ ሦስቱንም ቆሞ አይቶ መሙላት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትራክተር መካኒክ