ለአዲስ አበባ ብርድ ካፖርት ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ማለዳ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚያልፍ ሰው፣ ብዙዎቻችን ብርዱን የምንከላከለው በአንድ ወፍራም ካፖርት መሆኑን ያስተውላል። እኔ ግን ይህ አለባበስ ለከተማችን የአየር ጠባይ አይስማማም ባይ ነኝ።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ በበጋ ሰማይዋ ጥርት ያለ ስለሚሆን፣ ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት የሚያግደው ደመና ሳያገኝ ይበናል፤ በዚህም የተነሣ ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የነበረው አየር እኩለ ቀን ላይ ከ20 ዲግሪ ያልፋል። ችግራችን እንግዲህ ብርዱና ሙቀቱ በአንድ ቀን መፈራረቃቸው ነው። ካፖርቱን እንደለበሰ በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ የተጣበበ ሰው እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ ስለማይችል አያወልቀውም፤ አልቦት ሲወርድ ነፋሱ ይቀበለዋል፣ የረጠበው ልብስም የሰውነቱን ሙቀት ይወስድበታል።

ሳሳ ያሉ ልብሶችን ደራርቦ መልበስ ከዚህ ይሻላል። የሚያሞቀን በጨርቆቹ መካከል ታምቆ የሚቀረው አየር ነውና፤ በአራት ድርብ የሚዘጋጀው ጋቢ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከውስጥ ስስ ካናቴራ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ በመጨረሻም ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬት የደረበ ሰው፣ ፀሐይ ስትበረታ አንዱን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ጥጥ ላብ ይዞ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ በእግሩ ብዙ የሚሄድ ሰው ለውስጥ ሌላ ጨርቅ ቢመርጥ ይጠቀማል። ጠባብ ልብስ ደግሞ አየሩን ጨፍልቆ ያስወጣዋልና፣ ከሳልባጅ ተራ የሚገዛ ሰው የሚደርበውን ጃኬት ሰፋ ያለ ቢያደርገው መልካም ነው፤ ለመልኩ ግን ዋስትና አልሰጥም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከደንብ ልብሱ ሹራብ በላይ ምንም እንዳይደረብ መከልከሉ ነው። ልጆቹ ጠዋት በሰልፍ ላይ እየተንቀጠቀጡ ሲቆሙ፣ ደንቡን የሚያስከብሩት መምህራን ካፖርት ለብሰው ከፊታቸው ይቆማሉ። ሥርዓት መጠበቁን አልቃወምም። ትምህርት ቤቶች ቢያንስ በእነዚህ የብርድ ወራት፣ ቀለሙን ራሳቸው ወስነውም ቢሆን፣ ቀላል ጃኬት እስከ ረፍት ሰዓት ድረስ እንዲፈቅዱ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ወላጅ፣ ከአራት ኪሎ