አባባ፣ ካሴቶቹን ለቆራሌ እንዳትሰጥብኝ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የደሴ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።

ትናንት ታናሽ እህቴ ደውላ፣ ካርቶን ሙሉ ካሴትህን ለቆራሌ ልትሰጠው እንዳሰብክ ነገረችኝ። “ዘፈኑ ስልክ ላይ አለ፣ ምን ቤት ያጣብባል” አልክ አሉ። አባባ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እኔ እስክመጣ አንዱንም እንዳታወጣው።

ባለፈው ስመጣ የባቲውን ካሴት ከነቴፑ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ መውረዴን ታስታውሳለህ። ቴፑ ድምፅ የሚያጓትተው ቺንጊያው ላልቶ ነው፤ አስቀየርኩለት። ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ስወለውለው ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የካሴት ክር የተቀባው እንደ ዝገት ያለ የብረት ዱቄት ስለሆነ እያደር ይረግፋል። ካሴቱን ደግሞ አስቀድሞ በልቶት ኖሯል፤ ክሩ አንድ ቦታ ላይ ተጨማዶ ሊበጠስ ደርሷል።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፌ አምስቱን ብሎኖች ፈታሁ። ክሩ ሲጫወት በሴኮንድ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። የተጨማደደውን ጣት የማታህል ቁራጭ ቆርጬ ሁለቱን ጫፎች ከጀርባ በኩል በስኮች አገናኘኋቸው፤ የጠፋው እንግዲህ አንድ ሴኮንድ ነው። ብሎኑን መልሼ፣ በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥኜ ከፈትኩት። ማሲንቆው ጀመረ። ያ ቦታ ሲደርስ አንዲት ቃል ግማሿ ተውጣ ዘፈኑ ቀጠለ። ሌላው ሁሉ እንዳለ አለ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም።

አምና የስልኬ ሜሞሪ ካርድ ሲበላሽ ግን የሄደብኝ አንድ ሴኮንድ አልነበረም። ለዓመታት ያስጫንኩት ዘፈን በአንድ ሌሊት ጠፋ። የሚፈታ ብሎን የለው፣ የሚቀጠል ክር የለው።

ካሴት ከስልክ ይጠራል አልልህም፤ ያ “ሽሽሽ” የሚለው ድምፁ አለ። ስልክ ላይ ያለውም ቢሆን ሙሉው አይደለም። ኤምፒ3 የሚሉት ፋይሉ እንዲያንስ ጆሮ አይለየውም የተባለውን ድምፅ እየጣለ ነው የሚያስቀምጠው። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሱቅ ያስጫንኩት የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስልኬ ላይ ስሙ “ትራክ 7” ነበር። አምባሰል መሆኑን እንኳ የሚናገር አንድ ፊደል የለበትም! ያንተ ካሴቶች ሽፋን ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ያጀበው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ልጅ ሆኜ ማንበብ የተለማመድኩት በእነሱ ጭምር ነው። ከአራቱ የአገራችን የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእኛው የወሎ ስም መሆናቸውን የነገርከኝም አንዱን ሽፋን እያሳየኸኝ ነበር፣ የመኪናህ ጋቢና ውስጥ።

ያን ጋቢና አልረሳውም። በ1990 ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ሳይዘጋው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ካሴት ትከታለህ፤ መሐል ላይ ትገለብጠዋለህ፤ ባቲ ስንገባ ያልቃል። “ከኮምቦልቻ ባቲ አንድ ካሴት ነው” ትለኝ ነበር፣ እኔም ርቀት የሚለካው በካሴት ይመስለኝ ነበር። ዘለህ አታልፍም፤ የማልወደውንም ዘፈን ታግሼ ሰምቼ በኋላ የወደድኩት እዚያ ነው። እስከ ዛሬ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ በዚያው በካሴቱ ተራ። ከባቲ ወርደን ቆላው ሲጀምር ካሴቶቹን ከፊት መስታወቱ ሥር ሰብስበህ በፎጣ ትጠቀልልና ከወንበር ሥር ታስገባቸዋለህ። የአፋር ፀሐይ ያጣምማቸዋል ብለህ። ያን ያህል የተጠነቀቅክላቸውን ነው ዛሬ በኪሎ የምትሰጣቸው?

ጅዳ ላለችው እህቴ የባቲውን በስልክ ቀድቼ ልኬላታለሁ። ሰምታ አለቀሰች። ለእሷ ስልኩ ባይኖር በምን ትሰማው ነበር? ኮፒው ይብዛ፣ ለሁሉም ይድረስ። ዋናው ካሴት ግን ያንተ ቤት ይቀመጥ።

እስከዚያው ካርቶኑን ከግድግዳው አርቅልኝ፤ የዚያ ክፍል ግድግዳ በክረምት ይረጥባል። ከትልቁ ስፒከር አጠገብም እንዳይሆን፣ ማግኔቱ የተቀዳውን ያጠፋዋል። ካርቶኑን አንተ አትሸከም፤ ለጎረቤት ልጅ ንገረው።

ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እመጣለሁ፣ ቴፑንም ይዤልህ። አንድ የምጠይቅህ ነገር አለ። የባቲውን ካሴት ሽፋን ስዘረጋው ከውስጥ በኩል በአንተ እጅ ጽሑፍ “ሚሌ፣ 3 ቀን” የሚል አገኘሁ፤ ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል። እዚያ አሰብ መንገድ፣ ሚሌ ላይ ሦስት ቀን ምን ይዞህ ነው? ይህን አውርተኸኝ አታውቅም። ቡናው ተፈልቶ፣ ካሴቱ ተከፍቶ ትነግረኛለህ።

ዱዓህ አይለየኝ።

ልጅህ፣ ከኮምቦልቻ